ጥርኝ ውኃ፦ ዱን፣ ዴርቶጋዳና የጣና ግድግዳዎች

በባሕር ዳር ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



የተወደደ መጽሐፍ ፊልም ሲሆን አንባቢዎቹ መከራከር ይጀምራሉ። «ያ ቦታ የት ሄደ?»፣ «እሷ እኮ እንዲህ አልነበረችም»፣ «መጨረሻውን ለምን ለወጡት?» ይባባላሉ። ይህን ክርክር የሥራ ፈት ወግ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። አንድን መጽሐፍ አምስትና ስድስት ጊዜ ያነበበ ሰው ከፊልሙ ወጥቶ «ይህችን ለምን ተዋት?» ሲል፣ ከመጽሐፉ ውስጥ የትኛዋ ነገር ቀሪውን ሁሉ እንደተሸከመች እየነገረን ነው። ብዙ ሂስ ያንን አይነግረንም።

ዛሬ የምናገረው ስለ ዱን ነው፤ ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ስላሳተመው የሳይንስ ልብ ወለድና ከእሱ ስለተሠሩት ፊልሞች። ግን እዚህ ጣና ዳር ቆሜ ስለ ዱን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። በመጀመሪያ፣ በእኛም ቋንቋ ጣናን መነሻው ያደረገ፣ አንባቢው በልቡ ደጋግሞ ፊልም የሠራበት መጽሐፍ አለን፤ ዴርቶጋዳ። ከዚያም አልፎ፣ ከመጽሐፍ ሥዕል የማውጣት ጥበብ በዚህ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ላይ ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት ሲሠራበት የኖረ ነው። ሦስቱን አገናኝቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። የሚያገናኛቸውም ውኃ ነው።

ኸርበርት የጋዜጣ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት ፍሎረንስ ከምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ አጠገብ፣ የመንግሥት የግብርና ባለሙያዎች ነፋስ የሚነዳውን የአሸዋ ክምር ሣር እየተከሉ ሲያቆሙት አይቶ ሊጽፍ ሄደ። አሸዋው መንገድና ቤት ይውጥ ነበር። ሊጽፈው ያሰበው ዘገባ ሳይታተም ቀረ፤ ጥያቄው ግን ከሰውየው አልለቀቀም። የሰው ልጅ ምድርን ልለውጥ ብሎ ሲነሣ፣ ምድሪቱስ እሱን ምን ታደርገዋለች? ከዚህ ጥያቄ አራኪስ የምትባለው በረሃ ፕላኔት ተወለደች። ታሪኩ በመጀመሪያ ከ1963 እስከ 1965 አናሎግ በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ። በመጽሐፍ መልክ ከ20 በላይ አሳታሚዎች አንፈልግም አሉት። በመጨረሻ የተቀበለው ቺልተን ሲሆን፣ ይህ ድርጅት በዋነኛነት የሚታወቀው የመኪና ጥገና መመሪያ በማሳተም ነበር። በማግስቱ ዓመት መጽሐፉ የሁጎን ሽልማት ከሌላ ልብ ወለድ ጋር ተጋርቶ ወሰደ፤ ኔቡላ የተባለውንም ሽልማት በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው እሱ ነው።

ላላነበባችሁ ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጠው። በአራኪስ ዝናብ የለም። ከአሸዋው የሚገኘው «ቅመም» የተባለ ነገር ግን በሰማይ ላይ ያለው ንግድና መንግሥት ሁሉ የቆመበት ነው። ፕላኔቷን እንዲያስተዳድር የተላከው መስፍን ሌቶ በሤራ ይገደላል፤ ልጁ ፖልና እናቱ ጄሲካ ወደ በረሃው ሸሽተው ፍሬመን የሚባሉት የበረሃ ሰዎች ዘንድ ይደርሳሉ። ፍሬመኖች ላባቸውንና እስትንፋሳቸውን አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣ ልብስ ይለብሳሉ። ሰው ሲሞት ሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ለማኅበሩ ይገባል። ፍሬመኑ ስቲልጋር በመስፍኑ ፊት ምራቁን ጠረጴዛ ላይ እንትፍ ሲል የመስፍኑ ሰዎች ተቆጥተው ሊነሡ ይላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የፍሬመንን ወግ ያውቅ ነበርና፣ ሰውየው ከገላው እርጥበት መስጠቱ ትልቅ አክብሮት እንደሆነ አስረድቶ ያበርዳቸዋል።

አሁን ወደ አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንይ። ፖል ጃሚስ ከሚባል ፍሬመን ጋር በጩቤ ይጋጠማል፤ ይገድለዋል። ፖል ገና ጎረምሳ ነው፤ ሰው ሲገድል የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የጃሚስ ለቅሶ ይሆናል። የሟቹ ዕቃ በመካከል ይቀመጣል፤ ወዳጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ የጃሚስ ወዳጅ እንደነበሩ ይናገራሉ፣ አንድ ነገር አስታውሰው ከዕቃው አንዱን ይወስዳሉ። ከሥጋው የወጣው ውኃ ተለክቷል፤ ወደ 33 ሊትር ይሆናል፤ በሕጋቸው መሠረት በውጊያ የሞተ ሰው ውኃ ግን ለአሸናፊው ነው፤ ለፖል። ፖልም ተራው ደርሶ ይነሣል። የገደለውን ሰው ወዳጅ ነበርኩ ብሎ ሲናገር እንባው ይወርዳል። ዋሻው ውስጥ ሹክሹክታ ይነሣል። ለሟች ውኃ ሰጠ! አንዳንዶቹም እጃቸውን ሰደው ጉንጩን ይነካሉ።

ይህን ገጽ የጎጃም ወይም የጎንደር ሰው ሲያነብ ከሌላው አንባቢ በላይ የሚገባው ይመስለኛል። የሟችን ልብስና ጠመንጃ አውጥቶ፣ ሙሾ አውርዶ፣ ደረት መትቶ ማልቀስን የምናውቅ ሰዎች ነን። ለቅሶ መድረስ ዕዳ ነው፤ ያልደረሰ ይታዘቡታል። በእኛ አገር እንባ የሁሉም ሰው ግዴታ ነው፤ በአራኪስ ደግሞ ማንም የማይደፍረው ስጦታ ነው። በሁለቱም ግን እንባ ለሟች የሚከፈል ነገር መሆኑ አንድ ነው። ኸርበርት ስለ ውኃ እጥረት ብዙ ገጽ ጽፏል፤ ስለ ልብሱ አሠራር፣ ስለ ጤዛ ማጠራቀሚያው። ከዚያ ሁሉ ገጽ በላይ የበረሃውን ጥም የሚያሳየው ይህ የአንድ ልጅ እንባ ነው።

እንግዲህ ፊልሞቹ ይህን እንባ ምን አደረጉት?

ዴቪድ ሊንች በ1984 የሠራው ዱን ርዝመቱ 137 ደቂቃ ነው። ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ የጃሚስ ውጊያ የለም። ውጊያው ስለሌለ ለቅሶው የለም፤ ለቅሶው ስለሌለ እንባውም የለም። ፖል በረሃ ገብቶ ጥቂት ሳይቆይ መሪ ይሆናል። የፊልሙ አልባሳትና አዳራሾች እስከ ዛሬ ዓይን የሚይዙ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሊንች የመጨረሻው ቅንብር ላይ ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ፊልሙም በግድ እንዳጠረ ስለምናውቅ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች አርባ ዓመት ሙሉ ሲያነሡት የኖሩት አንድ ክስ አለ፤ እኔም እጋራዋለሁ። በፊልሙ መጨረሻ ፖል በተአምር ዝናብ ያዘንባል።

ይህ ለምን ያናድዳል? በመጽሐፉ ውስጥ ቅመሙ የሚገኘው ከታላላቆቹ የአሸዋ ትሎች ነው። ውኃ ለትሎቹ መርዝ ነው። ስለዚህ በረሃውን አረንጓዴ ማድረግ ማለት ትሎቹን ማጥፋት፣ ቅመሙንም ማጥፋት ነው። የፕላኔቷን ሥነ ምኅዳር የሚያጠናው ሊየት ካይንስና ፍሬመኖቹ ዛፍ ለማብቀል ያወጡት ዕቅድ በየሸለቆው ጠብታ እያጠራቀመ፣ ሣር እየተከለ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የሚሄድ ነው፤ የተከለው ሰው ጥላውን አያይም። ሊንች ይህን ሁሉ በአንድ ዶፍ ዘጋው። አንባቢዎቹ የተቆጡት ትዕይንት ስለተጨመረ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ምድርን ስለ መለወጥ ዋጋ የጠየቀው ጥያቄ ዋጋ የሌለው መልስ ስለተሰጠው ነው።

በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጆን ሃሪሰን በሦስት ክፍል ለቴሌቪዥን የሠራው ሌላ ዱን አለ። የበጀቱ ማነስ በዓይን ይታያል፤ ከአሸዋው ጀርባ የተሳለው ሰማይ ራሱን ይገልጣል። ያም ሆኖ ጊዜ ስለነበረው ሌሎቹ የዘለሉትን አንድ ነገር፣ የመስፍኑን የራት ግብዣ፣ ቦታ ሰጥቶታል። በመጽሐፉ ይህ ራት ለእኔ ከጦርነቶቹ ሁሉ ይበልጣል። በከተማይቱ የቆየ ልማድ አለ፤ እንግዶች ሲገቡ እጃቸውን ከሳህን ነክረው ውኃውን ወለል ላይ ይረጩታል፣ በፎጣ አድርቀው ፎጣውን ኩሬው ላይ ይጥሉታል። ከራት በኋላ በር ላይ የተሰበሰቡት ድሆች ከፎጣው የተጨመቀውን ውኃ ያገኛሉ። መስፍን ሌቶ ይህን ሲያይ ያፍራል፤ ልማዱ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፣ በር ላይ ለሚመጣ ሁሉ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ይሰጠው ብሎ ያዝዛል። የሚሞት ሰው ነው፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገደላል። እኔ ሌቶን መልካም ሰው ነው ብዬ የማምነው በሰይፉ ሳይሆን በዚህች ኩባያ ነው።

ዴኒ ቪልነቭ በ2021 እና በ2024 በሁለት ክፍል የሠራውን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ዮርዳኖስ በረሃና አቡ ዳቢ አካባቢ ተቀርጿል፤ የመጀመሪያው ክፍል ስድስት ኦስካር ወስዷል። በዚህ ፊልም ሊየት ካይንስ ሴት ሆናለች፤ ራቱ የለም፤ የፖል እህት አሊያ በመጽሐፉ ሕፃን ሳለች በመስፍኑ ላይ ያሤረውን ባሮን ትገድላለች፣ በፊልሙ ግን ገና በማኅፀን ናት፤ ባሮኑን የሚገድለው ፖል ነው። አንባቢዎቹ በእነዚህ ሁሉ ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እኔን ያስደነቀኝ ግን እንባው ነው። ፖል «የሕይወት ውኃ» የሚባለውን መርዛማ ፈሳሽ ጠጥቶ እንደ ሞተ ሲወድቅ፣ ፊልሙ ውስጥ የምታነቃው ፍሬመኗ ፍቅረኛው ቻኒ እንባዋን ከዚያ ውኃ ጋር ቀላቅላ ከንፈሩን በመንካት ነው። መጽሐፉም ውስጥ የምታነቃው እሷ ናት፤ እንባ ግን የለበትም። ቪልነቭ እንባውን ከፖል ዓይን አንሥቶ ቻኒ ዓይን ላይ አደረገው። ለሟች የተሰጠው ውኃ ለሕያው ተሰጠ፤ እሷ ግን የሰጠችው ወዳ አልነበረም፣ ተገድዳ ነው፤ ሲነቃም በጥፊ ትመታዋለች።

ይህ ለውጥ መጽሐፉን መክዳት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ከሁሉም ፊልም ለመጽሐፉ የቀረበው በዚህ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ልናገር። ኸርበርት ዱንን የጻፈው ሕዝብ አዳኝ ነው ብሎ የሚከተለው ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስጠንቀቅ ነበር። አንባቢው ግን ፖልን ወደደው፤ ጀግና አደረገው። ኸርበርት በ1969 ባወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ የፖል ስም እየተጠራ በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው እንዳለቀ ጽፎ ነገሩን ሊያቃና ሞከረ፤ ያ መጽሐፍም ብዙ አንባቢ አስቀየመ። ቪልነቭ ይህን ታሪክ ያውቃል። ስለዚህ ጥርጣሬውን የሚሸከም ዓይን ያስፈልገው ነበር፤ ቻኒን መረጠ። በመጽሐፉ ፍጻሜ ቻኒ፣ ፖል የንጉሡን ልጅ ለመንግሥት ሲል ቢያገባም፣ ከጎኑ ትቀራለች። በፊልሙ ፍጻሜ ጥላው ወደ በረሃው ትሄዳለች። ድርጊቱ ተቀይሯል፤ የመጽሐፉ ማስጠንቀቂያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዛባ ተመልካች ዘንድ ደርሷል።

ከመጽሐፍ የሚሠራ ሥዕል መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ። ስንት ገጽ ቀረ፣ ስንት ገጸ ባሕርይ ጠፋ ብሎ መቁጠር ቀላል ነው። ከባዱ የመጽሐፉ ክብደት በየትኛዋ ትንሽ ነገር ላይ እንዳረፈ ማወቅና ያችን ነገር አለመጣል ነው።

ይህን የምለው ከሲኒማ ትምህርት ተነሥቼ አይደለም፤ ከጣና ግድግዳዎች ተነሥቼ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቅኔ ማሕሌት ብትዞሩ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሌሎቹም የጣና ገዳማት፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴን ጨምሮ፣ እንዲሁ ናቸው። ሥዕሎቹ አብዛኞቹ ከመጽሐፍ የወጡ ናቸው፤ ከወንጌል፣ ከገድላት፣ ከተአምረ ማርያም። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይነገራል። እንግዳ ተቀባይ የነበረ ሰው ነው፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን አሳረደው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው በላ ሆነ፣ 78 ነፍስ በላ። በመንገድ ሲሄድ በቁስል የተመታ፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ሰው አገኘ። ሰውየው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በቅዱሳን ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ጉሮሮውን ብቻ ያረጠበች። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ሚዛን ላይ ተቀመጡ፤ በእመቤታችን አማላጅነት ውኃዋ መዘነች።

አሁን በሠዓሊው ቦታ ሆናችሁ አስቡ። ፊቱ ያለው ረጅም ንባብ ነው፤ ያለው ቦታ ግን አንድ ክንድ ሸራ ነው። ምን ይሣል? 78ቱን ሰው አንድ በአንድ መሣል አይችልም። የሰውየውን የቀድሞ ደግነት፣ የሰይጣንን መምጣት፣ የመንገዱን ርዝመት ሁሉ ላሳይ ቢል ግድግዳው አይበቃውም። ስለዚህ ሠዓሊው ይመርጣል። ሰው በላው ከነመሣሪያው፣ ድውዩ እጁን ዘርግቶ፣ በመካከላቸው የውኃ ቅሉ። ከዚያ ሚዛኑ፣ እመቤታችንም ከጎኑ። በዚህ ምርጫ ከተጻፈው ብዙው ቀርቷል፤ ታሪኩን ግን ጎደለ የሚል ምእመን የለም። ጥርኟ ውኃ አለችና። በዚያ ላይ ሠዓሊው ንባቡ ውስጥ የሌለ ነገር ይጨምራል፤ በአገራችን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን። መጽሐፉ ስለ ዓይን ምንም አላለም። ሥዕሉ ግን ማንበብ ለማይችለው ሰው ከሩቅ ማን ማን እንደሆነ ሊነግረው ይገባ ነበር፤ ስለዚህ የራሱን ሕግ አበጀ። ቪልነቭ በቻኒ ዓይን ያደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዘመናችንም ከመጽሐፍ ወደ ሌላ መልክ የተሻገረ ሥራ አናጣም። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው። ትረካ ደግ ጥበብ ነው፤ የደራሲውን ዓረፍተ ነገር አይነካም፣ የሰብለ ወንጌልንም መልክ ለአድማጩ ይተውለታል። በቅርብ ዓመታት ልብ ወለዱ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲሠራ ክርክሩ የጋለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጉዱ ካሳ፣ የራሱ ፊታውራሪ መሸሻ ነበረው፣ በወጋየሁ ድምፅ የሚናገር። ተዋናዩ የተወዳደረው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አልነበረም።

ወደ ዴርቶጋዳ ልምጣ።

ይስማዕከ ወርቁ ይህን ልብ ወለድ በ2001 ዓ.ም. ሲያሳትመው እዚህ ከተማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተዋዋሱ ያነበቡት ወጣቶች ዛሬ ልጆች አሏቸው። ራማቶሓራና ዣንቶዣራ ተከትለው ወጡ። የጣና ገዳማት፣ የስለላ ድርጅቶች፣ የጠፈር ሳይንስ በአንድ ታሪክ ውስጥ የተሳሰሩበት አማርኛ መጽሐፍ ከዚያ በፊት አንባቢው አልለመደም ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሤራው አወቃቀር የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ አንዳንዱ እውነት ነው። ግን አንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ወጣት አንባቢ በገጸ ባሕርያቱ ላይ «ፊልም ቢሆን ሚራዥን ማን ይሥራው? ሲጳራንስ?» እያሰኘ ሲያከራክር፣ ምን ነክቶበት ነው ብሎ መጠየቅ የሂስ ሥራ ነው።

የነካው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ሻጊዝ እጅጉ ነው። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ። አንባቢዎች ይህን ገጸ ባሕርይ ከዶክተር ቅጣው እጅጉ ጋር ያያይዙታል፤ ስሙም ያን ይጋብዛል። ቅጣው እጅጉ ከፋ፣ ቦንጋ የተወለደ፣ ወደ ጃፓን ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በናሳ የጠፈር መንኮራኩርና የሳተላይት መሐንዲስ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው፤ በጥር ወር እ.ኤ.አ. 2006 አረፈ። ከዚያ ሁሉ በፊት የተማረውም እዚሁ ከተማ፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተውና ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው በፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ዴርቶጋዳ የጠየቀው ይህን ነው፤ አገር ያስተማረችው ልጅ እውቀቱ የማን ነው? ተመልሶ ቢመጣስ የሚያርፍበት ቦታ አለ ወይ? ደራሲው ያንን ቦታ በጣና፣ በገዳማቱ ጥላ ሥር አደረገው። የጥንቱን መጽሐፍ ከወራሪ የሰወሩ ደሴቶች አዲሱንም እውቀት ይሰውሩ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ከዓለም ልምድ ላምጣ። የዡል ቬርንን ካፒቴን ኔሞ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር በታች በሰርጓጅ መርከብ የሚኖር ሊቅ ነው። ቬርን በ1875 ባወጣው በሌላኛው ልብ ወለዱ ማንነቱን ገለጠው፤ ዳካር የተባለ የሕንድ ልዑል ነው፤ ከእንግሊዝ አገዛዝ ጋር ተዋግቶ፣ ቤተሰቡንና አገሩን አጥቶ፣ እውቀቱን ይዞ ባሕር ውስጥ የገባ ሰው። ዲዝኒ በ1954 በሠራው ዝነኛ ፊልም ኔሞን የተጫወተው እንግሊዛዊው ጄምስ ሜሰን ነው። በፊልሙ ሕንድ የሚባል ነገር የለም፤ በደሉም ስም በሌለው መንግሥት ተፈጸመ። መርከቡ አለ፣ ግዙፉ የባሕር እንስሳ አለ፣ ሰውየው ግን ከየት እንደመጣና ለምን እንደተቆጣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተመልካች ኔሞን ነጭ አድርጎ አወቀው።

ዴርቶጋዳን በፊልም የሚሠራ ሰው ያለበት ፈተና ይኸው ነው። በመጽሐፉ ያለው አውሮፕላን፣ ስለላው፣ ከጣና ውኃ በታች ያለው ምስጢር ዓይን ይስባል፤ ገንዘብ የሚያወጣ ሰውም የሚጠይቀው ያንን ነው። ያ ብቻ ከቀረ ግን የሻጊዝ ጥያቄ እንደ ዳካር አገር ይጠፋል። ለነገሩ የውኃ ውስጡ ትዕይንት ራሱ በጣና ቀላል አይሆንም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ጥልቅ የተባለው ቦታ ላይ ከ14 እስከ 15 ሜትር ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለል ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ ካሜራ ይዞ የገባ ሰው ከክንዱ አርቆ አያይም። እኔ ይህን ጉድለት አድርጌ አላየውም። ሰማያዊና የጠራ ባሕር በኮምፒውተር ሠርቶ ጣና ነው ከማለት፣ ድፍርሱን እንዳለ ተቀብሎ በጨለማና በድምፅ መሥራት ይሻላል። የታንኳው ደንገል ሲንቋቋ፣ ከደሴቱ የሚመጣው የደወል ድምፅ በውኃ ውስጥ ሲታፈን፣ ተመልካቹ ከላይ ያለውን ዓለም ሳያይ ያውቀዋል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ መልክዓ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን፣ በትንሽ ገንዘብ ክረምስ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሠርቶ በዓለም መድረክ ሲያሳይ፣ ቦታው ራሱ ሥራውን እንዲሠራ መተው እንደሚቻል አይተናል።

ፊልም ሠሪው እምቦጩንም አይደብቀው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው፣ ተመልሶ ሲበቅል የምናውቀው አረም ነው። ኸርበርት መጽሐፉን የጀመረው አሸዋን ለማቆም ከተተከለ ሣር ነው፤ እኛ ደግሞ ልናቆመው የሚገባ ሣር ከፊታችን አለ። ከአገር የወጣ ሊቅ ወደ ጣና ተመለሰ ብሎ የሚተርክ ፊልም፣ ሊቁ ታንኳው ላይ ቆሞ ያንን አረንጓዴ ምንጣፍ ሲያይ ምን እንዳሰበ ካላሳየን፣ ሰውየው የተመለሰው ወደ ፖስት ካርድ ነው።

እንግዲህ ፊልሙን ልሥራ የሚል ወጣት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። የመጀመሪያውን ትዕይንት አሜሪካ አታድርገው። የሮኬት ማስወንጨፊያውንም ለኋላ አቆየው። ፖሊቴክኒክ ግቢ ግባ፤ አንድ የተማሪዎች ወርክሾፕ ምረጥ፣ የብረት መቁረጫው ድምፅ ያለበት፣ ዘይት የጠገበ ጠረጴዛ ያለበት። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ልጅ በብረት ላይ ጎንበስ ብሎ ይለካ፤ ከአጠገቡ ያለው ጓደኛው ኩባያ ውኃ ያቀብለው፤ ልጁ ዓይኑን ከልኬቱ ሳያነሣ ይጠጣ። ሻጊዝ ኋላ አሜሪካ ላይ ሁሉ ሲሟላለትም፣ ማን እንዳስተማረው ተመልካቹ ያውቃል። አይሆንም፣ መጽሐፉ እንዲያ አይጀምርም የምትሉ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ክርክሩን በዚህ እንጀምረው፤ መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው።